ከዓይን ቆጠራ ወደ መሣሪያ ቆጠራ፦ የሃንስ ጋይገር ሕይወትና የጋማ ጨረር የከፍታ ልኬት

የጋለ፣ ብረት የሚበላ ወይም በከፍተኛ ግፊት የታመቀ ቁስ በያዘ የፋብሪካ ታንከር ውስጥ ይዘቱ የደረሰበትን ከፍታ ለማወቅ መለኪያ ወደ ውስጥ ማስገባት አዳጋች ነው። ስለዚህም በታንከሩ አንድ ወገን እንደ ሲዚየም 137 ያለ የጋማ ጨረር ምንጭ፣ በሌላው ወገን ደግሞ የጨረር መቁጠሪያ ይተከላል። ይዘቱ ከፍ ባለ መጠን ጨረሩን ስለሚጋርደው የሚቆጠረው ያንሳል። ቆጠራው ከተዛባ ግን ታንከሩ ሞልቶ ሊፈስ፣ አለዚያም ባዶውን ሊሠራ ይችላል። ቆጠራን ማመን መቼ ይቻላል የሚለው ጥያቄ የጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ የሃንስ ጋይገር የዕድሜ ልክ ሥራ ነበር።

ጋይገር እ.ኤ.አ. በ1882 በኖይሽታት ከተማ ተወለደ። በ1906 ከኤርላንገን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪውን ያገኘው በጋዝ ውስጥ በሚካሄድ የኤሌክትሪክ ፍሰት ላይ ባደረገው ጥናት ሲሆን፣ ይህ ዕውቀት ኋላ ለመሣሪያው መሠረት ሆኖታል። ወደ ማንቸስተር አቅንቶ ከኧርነስት ራዘርፎርድ ጋር በሠራባቸው ዓመታት የአልፋ ቅንጣቶች የሚቆጠሩት በጨለማ ክፍል ተቀምጦ በዚንክ ሰልፋይድ ሰሌዳ ላይ የሚፈነጥቁትን ብልጭታዎች በዓይን በመከታተል ነበር። ዓይን ይደክማል፤ የደከመ ዓይንም ይስታል። ሁለቱ ሊቃውንት በ1908 ቅንጣቶችን በኤሌክትሪክ የሚቆጥር መሣሪያ ሠሩ። ያም ሆኖ በ1909 ጋይገርና ኧርነስት ማርስደን ከፕላቲኒየም ሰሌዳ ላይ ከ8000 ገደማ ቅንጣቶች አንዱ ወደ ኋላ እንደሚመለስ ያረጋገጡት በዓይን ቆጥረው ነው። ራዘርፎርድ የአቶምን ኒውክለስ ሐሳብ ያፈለቀው ከዚህ ግኝት ተነሥቶ ነው።

ጋይገር በ1912 ወደ በርሊን ተመለሰ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነትም በመድፈኛነት ተሰለፈ። በ1925 ከቫልተር ቦተ ጋር ይፋ ያደረገው ሙከራ የኃይል ጥበቃ ሕግ በእያንዳንዱ የአቶም ክስተት ይሠራል ወይስ በአማካይ ብቻ የሚለውን ክርክር የሚመለከት ነበር። ሁለት መቁጠሪያዎችን ጎን ለጎን አቁመው፣ የተበተነው ጨረርና የተገፋው ኤሌክትሮን በአንድ ጊዜ እንደሚመዘገቡ አሳዩ፤ ሕጉም ጸና። በታንከር ውስጥ የሲዚየም 137 ጨረር የሚዳከመው በአብዛኛው በዚሁ የኮምፕተን ብተና ነው።

በ1928 በኪል ከተማሪው ከቫልተር ሙለር ጋር ዛሬ በሁለቱ ስም የሚጠራውን ቱቦ ሠሩ። በጋዝ በተሞላ ሲሊንደር መካከል ቀጭን ሽቦ ተዘርግቶ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይሰጠዋል። አንዲት ኤሌክትሮን እንኳ ብትፈነቀል እንደ ናዳ እየበዛች ጉልህ ምት ትፈጥራለች። መሣሪያው ግን የዕድልን ጠባይ አያስቀርም፦ 100 ምት ሲቆጠር የስታቲስቲክስ ስሕተቱ 10 በመቶ ገደማ፣ 10,000 ሲቆጠር 1 በመቶ ገደማ ነው። የፋብሪካ መለኪያም ፈጥኖ ለመናገርና በትክክል ለመናገር ከሁለት አንዱን እንዲያስቀድም የሚገደደው በዚሁ ምክንያት ነው።

ጋይገር ጦርነቱ ባበቃበት በ1945 በፖትስዳም ዐረፈ። ቦተ ስለ ጣምራ ቆጠራ ዘዴው የኖቤል ሽልማት የተቀበለው በ1954 ነው። የጋይገርና የሙለር ቱቦ ከሚደርሱት የጋማ ፎቶኖች የሚቆጥረው ጥቂቱን ብቻ በመሆኑ፣ ዛሬ በብዙ ታንከሮች ላይ በብልጭታ የሚሠሩ መቁጠሪያዎች ተተክተዋል። ጋይገር ትቶት የነበረው ብልጭታ ተመልሶ መጣ፤ የሚቆጥረው ግን ዓይን ሳይሆን የማይደክም መሣሪያ ነው።