ኤልያስ ሃውና የልብስ ስፌት መኪናው

በየገበያው ዳርና በየሱቁ በረንዳ የልብስ ሰፊውን መኪና ድምፅ ያልሰማ ሰው የለም። ይህ መኪና ለሥራ እንዲበቃ ከደከሙት ሰዎች አንዱ ኤልያስ ሃው ነው።

ኤልያስ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1819 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር፥ በማሳቹሴትስ፥ ስፔንሰር በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ገበሬና የወፍጮ ባለቤት ነበር። ልጁ ከፍ ሲል በሎዌል ከተማ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጠረ። በ1837 ዓ.ም. ግን በአገሪቱ የገንዘብ ችግር ስለ ወደቀ ፋብሪካዎች ተዘጉ፤ እርሱም ከሥራ ወጣ። ከዚያ በኋላ ቦስተን ውስጥ አሪ ዴቪስ ከሚባል ባለሙያ ዘንድ ገብቶ ረቂቅ መሣሪያ መሥራትን ተማረ።

በዚያን ዘመን ልብስ የሚሰፋው በእጅ ነበር። ኤልያስ ይህን ድካም የሚያቃልል መኪና ለመሥራት ተነሣ። ጆርጅ ፊሸር የሚባል ወዳጁም ከትርፉ እኩሌታውን ሊካፈል ተስማምቶ 500 ዶላር ረዳው። በ1845 ዓ.ም. መኪናው አለቀ። የመርፌው ቀዳዳ በጫፉ በኩል ነው፤ ከታች ደግሞ እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ያለ ነገር ሁለተኛውን ክር ያቀብላል። ለውድድር በቀረበ ጊዜ ፈጣን ናቸው የተባሉትን አምስት ሰፊዎች ቀደመ። በ1846 ዓ.ም. ኤልያስ ከመንግሥት የባለቤትነት መብት ወረቀት ተቀበለ። ነገር ግን ዋጋው ውድ ስለ ሆነ፥ ልብስ ሰፊዎችም እንጀራችንን ይወስድብናል ብለው ስለ ፈሩ፥ ገዢ አልተገኘም።

ወንድሙ አማሳ መኪናውን ወደ ሎንዶን ወስዶ ዊልያም ቶማስ ለሚባል ባለፋብሪካ በ250 ፓውንድ ሸጠው። ኤልያስም ተከትሎ ባሕር ተሻግሮ በዚሁ ሰው ዘንድ ተቀጠረ። ብዙ ሳይቆይ ከጌታው ጋር ተጣላና በሰው አገር ያለ ሥራ ቀረ። ቤተ ሰቡን አስቀድሞ ወደ አገሩ ሰደደ፤ ራሱም መኪናውንና የመብቱን ወረቀት መያዣ ሰጥቶ በ1849 ዓ.ም. ተመለሰ። ጥቂት ቆይቶ ሚስቱ በሳንባ ነቀርሳ ሞተችበት።

በዚህ ላይ ይስሐቅ ሲንገርና ሌሎች ነጋዴዎች በእርሱ አሠራር የተሠሩ መኪናዎችን ያለ ፈቃዱ ሲሸጡ አገኘ። ኤልያስ ዳግመኛ ሌላ ጌታ ፍለጋ አልሄደም፤ መብቱን ይዞ ፍርድ ቤት ቆመ። ተከራካሪዎቹ ዎልተር ሃንት የተባለ ሰው ከእርሱ በፊት ተመሳሳይ መኪና እንደ ሠራ አመለከቱ፤ ሃንት ግን በጊዜው መብቱን ስላላስመዘገበ ክርክራቸው አልረዳቸውም። በ1854 ዓ.ም. ፍርዱ ለኤልያስ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ከሚሸጠው መኪና ሁሉ ድርሻ ይከፈለው ጀመር፤ በብሪጅፖርት ከተማም የራሱ ፋብሪካ ተቋቋመ። በ1867 ዓ.ም. በ48 ዓመቱ ሲሞት ታላቅ ባለጸጋ ነበር።

እንግዲህ ጓደኞቼ፥ ኤልያስ ደመወዙን ሁለት ጊዜ አጣ፤ እጁ የለመደውን ሙያ ግን ማንም አልወሰደበትም። ሙያ ብቻውን እንዳልበቃው፥ መብቱንም ማወቅና መጠበቅ እንዳስፈለገው ደግሞ አንርሳ።