ማርቆስ አግሪጳ፥ ሮማን ውኃ ያጠጣ ሰው

ሰው ካለፈ በኋላ ስሙን የሚያስጠራለት ሹመቱና ሀብቱ ሳይሆን ለሕዝብ ትቶት የሚሄደው ሥራ ነው። ለዚህም ምስክር ከሚሆኑት ሰዎች አንዱ ማርቆስ ቪፕሳንዮስ አግሪጳ የተባለው ሮማዊ ነው። ስለ ሮማውያን የሕንፃ ጥበብ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚነሣው የአውግስጦስ ቄሣር ስም ነው፤ ነገር ግን በዚያ ዘመን ሮማን ካሳመሩት ሥራዎች ብዙዎቹን አስቦ ያሠራው ወዳጁ አግሪጳ ነበረ።

አግሪጳ የተወለደው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ63 ዓመት ገደማ ነው። ቤተ ሰቡ በሮማ ስመ ጥር አልነበረም። ከወጣትነቱ ጀምሮ፥ ኋላ አውግስጦስ ተብሎ ከነገሠው ከኦክታቪያን ጋር ባልንጀራ ነበረ። ከልደት በፊት በ44 ዩልዮስ ቄሣር በተገደለ ጊዜ ሁለቱ ከአድርያቲክ ባሕር ማዶ በአፖሎንያ ከተማ አብረው ነበሩ። ከዚያም ወዲህ በመጣው ጦርነት ሁሉ አግሪጳ ከወዳጁ አልተለየም። የመርከብ ጦር ባስፈለገ ጊዜ በኔፕልስ አጠገብ ያሉትን ሁለት ሐይቆች በቦይ ከባሕር ጋር አገናኝቶ ወደብ አበጀና ቀዛፊዎቹን በዚያ አሠለጠነ። በዚህም ዝግጅት ከልደት በፊት በ36 ሴክስቱስ ፖምፔዮስን፥ በ31ም በአክትዮም አንቶንዮስንና ክሌዎፓትራን ድል አደረገ።

ይሁን እንጂ የአግሪጳን ጠባይ ከጦርነቱ ይልቅ የሚገልጠው ከልደት በፊት በ33 ያደረገው ነው። ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ የሮማ ከፍተኛው ሹመት የሆነውን ቆንስልነትን ይዞ ነበረ። በ33 ግን የከተማውን መንገድ፥ ገበያና ሕንፃ የሚጠብቀውን፥ ኤዲል የተባለውን ዝቅተኛ ሹመት በፈቃዱ ተቀበለ። ሮማ በዚያን ጊዜ እጅግ የተጨናነቀች ከተማ ነበረች፤ የውኃ ቦዮቿም አርጅተው ነበር። አግሪጳ አሮጌዎቹን ቦዮች አደሰ፤ ዩልያ የተባለውንም አዲስ ቦይ ጨመረ። የከተማውን ታላቅ የፍሳሽ ቦይ ካስጠረገ በኋላ፥ እርሱ ራሱ በጀልባ ተቀምጦ በምድር ውስጥ እስከ ቲቤር ወንዝ ድረስ እንደ ሄደ ይተረካል። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ እንደ መዘገበው፥ በዚያ በሹመቱ ዘመን 700 የውኃ ገንዳዎች፥ 500 ፏፏቴዎችና 130 የውኃ ማከፋፈያዎች አሠራ። በእነዚህም ላይ 300 ሐውልቶችና 400 የእብነ በረድ ዓምዶች አቆመ። ድኻው ውኃ ሊቀዳ በመጣ ጊዜ የጥበብን ሥራ እንዲያይ አደረገው ማለት ነው።

ስለ ሥነ ጥበብም የነበረው አሳብ ከዚሁ ጋር የተስማማ ነበረ። በዚያ ዘመን ሀብታሞች ከግሪክ አገር የመጡትን ሥዕሎችና ሐውልቶች በገጠር ቤቶቻቸው ያስቀምጡ ነበር። አግሪጳ ግን በሕዝብ ፊት ቆሞ፥ እነዚህ ሥራዎች ሁሉ ተሰብስበው ሰው ሁሉ በሚያያቸው ስፍራ እንዲቀመጡ ተከራከረ።

ከዚህ በኋላ ከልደት በፊት በ27 እና በ25 መካከል ፓንቴዎን የተባለውን ቤተ ጣዖት ሠራ። ቤቱንም በአውግስጦስ ስም ለመሰየም ፈልጎ ነበረ፤ አውግስጦስ ግን ይህን ክብር አልተቀበለም። ከዚያም ለሕዝብ የሚሆን ታላቅ መታጠቢያ ቤት አሠራ፤ ለእርሱም በ19 ቪርጎ፥ ማለት ድንግል፥ የተባለውን የውኃ ቦይ አመጣ። ምንጩን ለወታደሮች ያሳየች አንዲት ልጃገረድ ስለ ሆነች ስሙ እንዲህ ተባለ ይላሉ። ርዝመቱ 21 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን አብዛኛው በምድር ውስጥ የሚሄድ ነው። መሐንዲሶቹ ያለ ምንም መሣቢያ ሞተር፥ ቍልቍለቱን በጥንቃቄ በመለካት ብቻ ውኃውን እስከ ከተማ አደረሱት።

ስለዚህ ሥራ ስንናገር የማይረሳ አንድ ነገር አለ። ቦዮቹን የሚጠብቁት 240 ሠራተኞች የአግሪጳ ባሮች ነበሩ። የሮማ ውበት በእነዚህ ስማቸው ባልተጻፈ ሰዎች ድካም የቆመ ነው።

አግሪጳ የድል በዓል ሰልፍ ሲፈቀድለት ደጋግሞ እንቢ አለ። የአውግስጦስን ልጅ ዩልያን አግብቶ የመንግሥቱ ሁለተኛ ሰው ሆኖ ሳለ፥ የወዳጁን ዙፋን አልተመኘም። የይሁዳው ንጉሥ ታላቁ ሄሮድስም ወዳጁ ነበረና የልጅ ልጁ በአግሪጳ ስም ተጠራ። በሐዋርያት ሥራ ቅዱስ ጳውሎስ በፊቱ ቆሞ የተናገረው ንጉሥ አግሪጳ የዚህ የልጅ ልጅ ልጅ ነው።

አግሪጳ ከልደት በፊት በ12፥ በ51 ዓመት ዕድሜው ገደማ ሞተ። አትክልት ቦታዎቹንና መታጠቢያ ቤቱን ለሮማ ሕዝብ ተናዘዘ።

የሠራው ፓንቴዎን ግን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ80 ዓ.ም. ተቃጠለ። ዛሬ የሚታየው በ126 ዓ.ም. ገደማ በንጉሠ ነገሥት ሐድርያኖስ ዘመን የተፈጸመው ነው። ጕልላቱ ያለ ብረት፥ ከኖራ፥ ከእሳተ ገሞራ ዐመድና ከድንጋይ ስብርባሪ የተሠራ ሆኖ፥ ወርዱ 43 ሜትር ያህል ነው፤ ብርሃን የሚገባውም በአናቱ ላይ ካለው ክፍት ክብ ቀዳዳ ነው። ሐድርያኖስ የራሱን ስም ሊጽፍበት ሲችል፥ በመግቢያው ላይ የአግሪጳን ስም መልሶ አስቀረጸ፤ እስከ ዛሬም ይነበባል። የቪርጎም ውኃ ብዙ ጊዜ እየታደሰ፥ ዛሬ በሮማ ትሬቪ የተባለውን ዝነኛ ፏፏቴ ይመግባል።

እኛም ተማሪዎች ከዚህ ሰው ታሪክ የምንማረው አለ። ከመካከላችን ነገ መሐንዲስ፥ ሹም ወይም ሀብታም የሚሆን ይኖራል። በዚያን ጊዜ ዝቅ ያለ የሚመስለውን ሥራ፥ ማለት ውኃ ማምጣትን፥ ቦይ ማስጠረግን፥ መንገድ ማቃናትን አንናቅ። አግሪጳ ከተዋጋቸው ጦርነቶች የቀረው በመጻሕፍት ብቻ ነው፤ ያመጣው ውኃ ግን ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላ አሁንም ይፈሳል።