የኤቲየን ዡል ማሬ ሕይወትና ጥቁሩ ዳስ

ባለፈው ዓመት የትምህርት ቤታችንን ቴያትር በስልክ የቀረጽሁት እኔ ነበርሁ። እኅቴ ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ በኖራ በተቀባ ግድግዳ ፊት ተጫወተች። ታመው ከቤት ለቀሩት አያቴ ባሳየኋቸው ጊዜ ግን ፊቷንና እጇን እንጂ ሌላውን ከግድግዳው መለየት አልቻሉም። እኔም ስልኩን ወቀስሁ። የዚህን ፈረንሳዊ ሐኪም ታሪክ ካነበብሁ በኋላ ነው ጥፋቱ የራሴ እንደ ነበረ የተረዳሁት።

ማሬ የተወለደው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1830 ዓ.ም. ቦን በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ነው። ሕክምና ተምሮ በ1860 የደም ሥርን ትርታ ጥላሸት በተቀባ ወረቀት ላይ የሚጽፍ መሣሪያ ሠራ፤ በ1869 የኮሌዥ ደ ፍራንስ መምህር ሆነ። ሐሳቡ ሁሉ ሰውና እንስሳ እንዴት እንደሚንቀሳቀሱ ማወቅ ነበረ። በ1882 በጠመንጃ መልክ የተሠራ ካሜራ አበጀ፤ ይህም በአንድ ሴኮንድ 12 ሥዕል የሚያነሣ ስለ ሆነ የሚበሩ ወፎችን ያለ ጥይት አደነበት።

በዚያው ዓመት በፓሪስ ዳር በቡዋ ደ ቡሎኝ አጠገብ የምርምር ጣቢያ ተከፈተለት። በዚያም አንድ ሰው ሲራመድ ደጋግሞ በአንድ የፎቶግራፍ መስተዋት ላይ ሊያነሣው ፈለገ። ይሁን እንጂ ከሰውየው ኋላ ጥቂት ብርሃን እንኳ ቢኖር፣ ካሜራው በተከፈተ ቁጥር መስተዋቱን እያጠቃው ሥዕሉ ይበላሻል። ጥቁር ግድግዳም ፀሐይ ሲመታው ጥቂት ብርሃን መመለሱ አይቀርም። ስለዚህ ማሬ ፊቱ ክፍት የሆነ ጥልቅ ዳስ ሠርቶ ውስጡን በጥቁር ከፋይ አለበሰው። ነጭ የለበሰው ሰው በፀሐይ ብርሃን በዳሱ ፊት ሲያልፍ፣ በካሜራው ውስጥ የሚሽከረከር ቀዳዳ ያለው ዲስክ ብርሃኑን ይከፍትና ይዘጋ ነበር። ከኋላ ጨለማ ብቻ ስለ ነበረ ሰውየው ጥርት ብሎ ወጣ።

ሆኖም ሥዕሎቹ እርስ በርሳቸው ተደራረቡ። ያን ጊዜ ማሬ ሰውየውን ራሱን ጥቁር አልብሶ በእጁና በእግሩ ላይ ብቻ የሚያበሩ ነጭ መስመሮች አደረገ። ከሁሉ ይልቅ እኔን ያስደነቀኝ ይህ ነው፤ ብርሃን ይጨምራል ስል ቀነሰ።

ረዳቱ ጆርጅ ደመኒ ብዙ ደክሟል፤ ነገር ግን በፊልም ንግድ ነገር ስላልተስማሙ በ1894 ተለያዩ። ማሬ በ1904 በፓሪስ ሞተ።

እኔም ዘንድሮ በልምምዱ ቀን ጥቁር መጋረጃ ከእኅቴ ኋላ ራቅ አድርጌ ሰቀልሁ፤ የመስኮቱ ብርሃን ከጎን እርሷን ብቻ እንዲያገኛት አቆምኋት። አያቴ የቀሚሷን ጥለት ቀለም ሳይቀር ነገሩኝ።