ራስ ደስታ ዳምጠው፦ በገናሌ በረሃ የመርዝ ጋዝን የተጋፈጡ አርበኛ

ራስ ደስታ ዳምጠው በ1884 ዓ.ም ገደማ ተወለዱ። አባታቸው ፊታውራሪ ዳምጠው ከተማ በ1888 ዓ.ም በዓድዋ ጦርነት ሲሰዉ ገና ሕፃን ነበሩ። ካደጉ በኋላ የንጉሠ ነገሥቱን ልጅ ልዕልት ተናኘወርቅን አግብተው የሲዳሞ ገዥ ሆኑ። በ1925 ዓ.ም ክረምትም ወደ አሜሪካ ተልከው ከፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ጋር ተገናኝተዋል።

ፋሽስት ኢጣሊያ በመስከረም ወር 1928 ዓ.ም ኢትዮጵያን ስትወር ራስ ደስታ የደቡቡን ጦር ግንባር እንዲመሩ ታዘዙ። ሠራዊታቸውም ስንቁን ተሸክሞ፣ ብዙ ቀን በእግሩ ተጉዞ፣ ከይርጋዓለም ደጋ ወደ ዶሎ ቆላ ወረደ። በዚያ ጠፍ ምድር ሰውና ከብት የሚኖረው ወንዝ ተጠግቶ በመሆኑ፣ ዘማቹም የገናሌን ዳርቻ ሳይለቅ ከመጓዝ በቀር ምርጫ አልነበረውም።

በተቃራኒው የቆመው ጄኔራል ሮዶልፎ ግራዚያኒ በሊቢያ በረሃ ለዓመታት የተዋጋ የጦር መሪ ነበር። የበረሃ ጦርነት ስልቱ በተሽከርካሪ የሚንቀሳቀስ ጦርን፣ የሬዲዮ ግንኙነትንና አውሮፕላንን በማቀናጀት የባላጋራውን የውሃ ሥፍራ መቆጣጠር ነው። በታኅሣሥ ወር 1928 ዓ.ም ደግሞ ከሙሶሊኒ ፈቃድ አግኝቶ በዚህ ስልት ላይ የመርዝ ጋዝን ጨመረበት።

የሰናፍጭ ጋዝ የሚባለው መርዝ በስሙ ጋዝ ይባል እንጂ ዘይት መሰል ፈሳሽ ነው። በቅጠልና በአፈር ላይ ተረጭቶ ይቆያል፤ የበረሃው ሙቀት ሲያገኘው ይተንናል። ቆዳን ይልጣል፣ ዓይንን ያሳውራል፣ ሳንባን ያቃጥላል። ሕመሙም የሚጀምረው መርዙ ሰውነትን ከነካ ከሰዓታት በኋላ ነው። የመከላከያ ጭንብል ለሌለውና አብዛኛው በባዶ እግሩ ለሚጓዝ ሠራዊት፣ ውሃ የሚቀዳበት ወንዝ ዳር ራሱ የሞት ወጥመድ ሆነበት።

በታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም የኢጣሊያ አውሮፕላኖች በመልካ ዲዳ የነበረውን የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል ደብድበው ብዙ ቁስለኞችን ገደሉ። ከጥር 3 ቀን ጀምሮ በገናሌ ዶሪያ በተካሄደው ውጊያ በውሃ ጥምና በረሃብ የተዳከመው የራስ ደስታ ጦር ተፈታ። የግራዚያኒ ተሽከርካሪዎችም ከዶሎ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው በጥር 11 ቀን ነገሌን ያዙ። ግራዚያኒ ስለዚህ ድል የነገሌ ማርኪዝ የሚል ማዕረግ ተሰጠው።

ራስ ደስታ ግን እጃቸውን አልሰጡም። የተሽከርካሪና የአውሮፕላን ብልጫ የጎላበትን ሜዳ ትተው ወደ ሲዳሞ ተራሮችና ደኖች በመመለስ፣ አዲስ አበባ በጠላት እጅ ከወደቀች በኋላም ለወራት ተዋጉ። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም በጎገቲ በተደረገው ጦርነት ኃይላቸው ተሰበረ። ከእርሳቸው ጋር የዘመቱት ደጃዝማች ገብረማርያምና ደጃዝማች በየነ መርዕድም በዚሁ ዘመቻ ተሰዉ። ራስ ደስታ በቡታጅራ አካባቢ ተይዘው በየካቲት 17 ቀን በፋሽስቶች ተገደሉ።

ኢጣሊያ የመርዝ ጋዝን በጦርነት የሚከለክለውን እ.ኤ.አ የ1925 የጄኔቫ ፕሮቶኮል ፈርማ ያጸደቀችው ከወረራው ከዓመታት በፊት ነበር። ሆኖም የኢትዮጵያ አቤቱታ በመንግሥታት ማኅበር ፍትሕ አላገኘም። ግራዚያኒም በኋላ በአገሩ ፍርድ ቤት ቢቀርብም በኢትዮጵያ ስለፈጸመው በደል አልተጠየቀም። የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስቴር ጋዙ ጥቅም ላይ መዋሉን በይፋ ያመነው በ1988 ዓ.ም፣ ማለትም ከ60 ዓመት በኋላ ነው።

በአዲስ አበባ የሚገኘው ራስ ደስታ ዳምጠው ሆስፒታል ዛሬም በስማቸው ይጠራል።