እግዚአብሔር ዝም ያለ በሚመስልበት ጊዜ
የብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ሕይወት

በሽተኛው ሲፈወስ፥ እስረኛው ሲፈታ፥ ዝናሙም በጊዜው ሲዘንም እግዚአብሔርን ማመስገን ለማንም አይከብድም። ጸሎት ተጸልዮ፥ ስእለትም ተስሎ፥ በሽተኛው ሲሞት፥ እስረኛውም ሳይመለስ ሲቀር ግን ልብ ይታወካል፤ ሰውም እግዚአብሔር በእውነት ይሰማኝ ይሆን ብሎ ያስባል። ይህ የከሓድያን ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ ጻድቁ ኢዮብም ነቢዩ ዕንባቆምም ጠይቀውታል። እኛም በዚህ ወር ትምህርታችን መልሱን ከአንድ አባት ሕይወት እንፈልጋለን። ይኸውም በአዲስ አበባ ደቡብ፥ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፥ በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ዐፅማቸው ያረፈው የሁለተኛው ፓትርያርክ የብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ሕይወት ነው።

አቡነ ቴዎፍሎስ የተወለዱት በጎጃም፥ በቅኔ መምህራኗ ስሟ በተጠራው በደብረ ኤልያስ ነው፤ የቀድሞ ስማቸውም መልእክቱ ይባል ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን 1,600 ዓመት ያህል ጳጳሳትን ከግብፅ ስትቀበል ኖራ፥ ከልጆቿ የሚሾሙትን ታበዛ ዘንድ በምትደክምበት ዘመን፥ በሐምሌ ወር 1940 ዓ.ም. በካይሮ ከተሾሙት አምስት ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ እርሳቸው ሆኑ። ሀገረ ስብከታቸውም ሐረርጌ ነበረ፤ በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቀን ሕዝበ ክርስቲያን ስእለቱን ይዞ የሚጎርፍበት ቁልቢ ገብርኤል የሚገኘው በዚያ ነው። የመጀመሪያው ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ባስልዮስ በ1963 ዓ.ም. ሲያርፉ፥ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር አቡነ ቴዎፍሎስ በመንበሩ ተተኩ። አቡነ ባስልዮስ በ1951 ዓ.ም. ማዕርገ ፕትርክናን የተቀበሉት በካይሮ ሲሆን፥ በገዛ ሀገራቸው ምድር ለዚህ ማዕርግ የተሾሙት የመጀመሪያው አባት አቡነ ቴዎፍሎስ ናቸው።

በፕትርክናቸው ዘመን ከሠሩት ሁሉ ለትምህርታችን የሚጠቅመን አንዱ ነው። በ1965 ዓ.ም. ቃለ ዓዋዲ የተባለው ደንብ ወጥቶ በየአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ እንዲቋቋም ሆነ። ካህናቱና ምእመናኑ፥ ወጣቶቹም ጭምር፥ በአንድነት ተሰብስበው አጥቢያቸውን እንዲያስተዳድሩ፥ በአስተዋጽኦአቸውም ቤተ ክርስቲያናቸውን እንዲረዱ ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ግን ቤተ ክርስቲያን ገና ባለ መሬት ነበረችና ይህ ሥራ ለብዙዎች እጅግ የሚያስፈልግ መስሎ አልታየም። ብዙ ሳይቆይ፥ በ1967 ዓ.ም. የካቲት የገጠሩ መሬት፥ በሐምሌም የከተማው ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ተወረሰ። አብያተ ክርስቲያናቱ ሳይዘጉ፥ ቅዳሴውም ሳይታጎል የቆየው በአብዛኛው በዚህ በሰበካ ጉባኤ ነው። ችግሩ ሳይመጣ መረዳጃው ተዘጋጅቶ ነበር፤ የዚያን ጊዜ ግን ያስተዋለው ጥቂት ነው።

ከዚህ በኋላ መከራው ወደ ራሳቸው መጣ። በ1968 ዓ.ም. በየካቲት ወር የደርግ መንግሥት ከመንበራቸው አውርዶ አሰራቸው። ከቀረቡባቸው ክሶች አንዱ መንግሥት ሳይፈቅድ ሦስት ጳጳሳትን ሾሙ የሚል ነበረ። እርሳቸው በሕይወት ሳሉም በዚያው ዓመት ሌላ ፓትርያርክ ተሾመ፤ የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን ግን አባቱ በሕይወት ሳለ በመንበሩ ሌላ መተካቱ ከቀኖና ውጭ ነው ብላ ሹመቱን ሳትቀበለው ቀረች። በሀገራችን ስማቸው በቅዳሴ መጠራቱ ቀረ። ያን ጊዜ ዝም ያለው ሰማይ ብቻ አልነበረም፤ በፍርሃት የተያዝን እኛ ካህናትም ጭምር ነን፤ ይህን ሳንናዘዝ ስለ እግዚአብሔር ዝምታ ብንናገር ነገራችን ቅንነት አይኖረውም።

ከሦስት ዓመት የሚበልጥ እስራት በኋላ፥ በ1971 ዓ.ም. ክረምት በስውር ተገደሉ። ሰማዕቱ አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በፋሺስቶች ጥይት ሲወድቁ ሕዝብ እያየ ነበረ፤ ምስክርነታቸውም ወዲያው ተሰማ። ለአቡነ ቴዎፍሎስ ግን የቀብር ሥነ ሥርዓት አልተደረገላቸውም፤ ፍትሐትም አልተፈታላቸውም። በዚያው ዘመን ልጆቻቸው ተወስደው የቀሩባቸው፥ ቀብራቸውንም ያላወቁ እናቶች ብዙዎች ነበሩ፤ ፓትርያርኩም የእነዚያን ልጆች ዕጣ ተካፈሉ። ዐፅማቸው የራስ አሥራተ ካሣ መኖሪያ ከነበረው ግቢ ተቆፍሮ የወጣው ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ፥ በ1984 ዓ.ም. ነው፤ በክብርም በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ዐረፈ። ከሾሟቸው ከሦስቱ ጳጳሳት አንዱ አቡነ ጳውሎስም፥ ከብዙ እስራትና ስደት በኋላ፥ በዚያው ዓመት ፓትርያርክ ሆነው ተሾሙ።

እንግዲህ በዚያ መቃብር አጠገብ የቆመ ሰው አንድ ነገር ሳይጠይቅ አያልፍም። ቤተ ክርስቲያናችን በየዓመቱ ሠለስቱ ደቂቅን ከእቶን እሳት ያወጣውን መልአክ ታከብራለች፤ በዚሁ መልአክ ስም በተሠራው ቤት ያረፉት አባት ግን ከገዳዮቻቸው እጅ አልወጡም። ምነው ለእነዚያ ወርዶ ለእኒህ ሳይወርድ ቀረ? በ1984 ዓ.ም. የተደረገው ክብር ጥያቄውን ያቃልለዋል ብለን አንናገርም፤ እርሳቸው አላዩትምና። መልሱ ግን በዚያው በሠለስቱ ደቂቅ ታሪክ ውስጥ አለ። ወደ እሳቱ ሳይጣሉ በፊት በንጉሡ ፊት የመሰከሩት፥ አምላካቸው ሊያድናቸው እንደሚችል፥ ባያድናቸው እንኳ ለጣዖቱ እንደማይሰግዱ ነበረ። ሃይማኖታቸው የተፈጸመው በዚህች ቃል ነው፤ መልአኩ የወረደው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ የዳነውም ያልዳነውም የሚቆሙት በአንዲት ሃይማኖት ነው። ጌታችንም ራሱ በመስቀል ላይ የመተውን ጩኸት ጮ኿ል፤ ከዚያ ወዲህ ብቻውን የሚሠቃይ ክርስቲያን የለም።

ምእመናን ሆይ፥ የታመመ ወይም የታሰረ ያለባችሁ፥ የልጃችሁንም መቃብር ያላወቃችሁ፥ ጸሎታችሁን አታቋርጡ። ባልተሰማችሁ ጊዜ መጠየቃችሁ ኃጢአት አይደለም፤ ጠይቃችሁ ፊታችሁን ማዞር ግን ጉዳት አለው። እኛም ካህናት በመከራ ላለው ሰው ኃጢአትህ ነው፥ ወይም ሃይማኖትህ አንሷል ብለን አንፍረድበት፤ የኢዮብ ወዳጆች በዚህ ተገሥጸዋልና። ይልቁንም ቤቱ ሄደን አብረነው እንቀመጥ፤ በፍርሃትም ስሙን ከጸሎታችን አናውጣ። በጎፋ በኩል የሚያልፍ ሁሉ ጥቂት ቆሞ ለእኒህ አባት የዕረፍት ጸሎት ቢያደርስ፥ በዚያ ዘመን ያልተደረገውን ዛሬ አደረገ ማለት ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።