የሚሪያም ማኬባ የ31 ዓመት መንገድ

አብዛኞቻችን የአማርኛ ክፍል ተማሪዎች የተወለድነው ሚሪያም ማኬባ ካረፈች በኋላ ነው። ድምጿን ግን ሳናውቀው አናውቀውም። እዚህ ናይሮቢ በሠርግ ላይ «ማላይካ» ሲዘፈን ሰምተናል፤ ወላጆቻችንም «ፓታ ፓታ» ሲከፈት ከተቀመጡበት ይነሣሉ። ለዘንድሮው መጽሔት የአንድ አፍሪካዊ የሕይወት ታሪክ እንድንጽፍ ሲነገረን እርሷን የመረጥነው ስለ ዝናዋ ብቻ አይደለም። በታሪኳ ውስጥ የየቤታችንን ነገር አግኝተንበታል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማኬባ ማርች 4 ቀን 1932 በደቡብ አፍሪካ፣ በጆሐንስበርግ ተወለደች። አባቷ የኮሳ፣ እናቷ የስዋዚ ተወላጆች ነበሩ። የእናቷ ምጥ እጅግ ከባድ ስለነበር ሕፃኗ ዜንዚሌ ተባለች፤ ትርጉሙ በራስሽ ላይ አመጣሽው እንደማለት ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። በተወለደች በ18ኛ ቀኗ እናቷ እንደኛ ጠላ ያለ መጠጥ ቤት ውስጥ ጠምቃ ሸጠች ተብላ ታሰረች። ያኔ ጥቁሮች እንዲህ ያለ መጠጥ መሸጥ ተከልክለው ነበር። ማኬባም የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት ከእናቷ ጋር በእስር ቤት አሳለፈች።

አባቷ በልጅነቷ ሞተ። እናቷ በነጮች ቤት በሠራተኝነት ስትደክም፣ እርሷ በፕሪቶሪያ ከአያቷ ዘንድ አደገች፤ በትምህርት ቤቷም መዘምራን ውስጥ ዘፈነች። ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ እንደ እናቷ የቤት ሠራተኛ ሆነች። በ1948 የአፓርታይድ መንግሥት ሥልጣን ሲይዝ ጥቁሩ የት እንደሚኖር፣ የት እንደሚሠራና ማንን እንደሚያገባ በሕግ ተወሰነበት። በዚህ ጊዜ ነው ማኬባ በመጀመሪያ ከማንሃተን ብራዘርስ፣ ቀጥሎም ስካይላርክስ ከተባለው የሴቶች ቡድን ጋር ዘፍና ስሟን ያስጠራችው።

በ1950ዎቹ መጨረሻ ሊዮኔል ሮጎሲን የተባለ አሜሪካዊ የጥቁሮችን ኑሮ የሚያሳይ ፊልም በድብቅ ቀረጸ። ማኬባ በፊልሙ ውስጥ የታየችው ለጥቂት ደቂቃ ቢሆንም ያ ጥቂት ደቂቃ ሕይወቷን ለወጠው። በ1959 ፊልሙ በቬኒስ ሲታይ እርሷም ተገኘች። ከዚያ ወደ ለንደን፣ በሃሪ ቤላፎንቴ እርዳታም ወደ ኒው ዮርክ ሄደች። ከአገሯ ስትወጣ ለ31 ዓመት እንደማትመለስ አላወቀችም።

በማርች 1960 በሻርፕቪል ፖሊስ በሰላማዊ ሰልፈኞች ላይ ተኩሶ 69 ሰዎችን ገደለ። በዚያው ዓመት እናቷ ሞተች። ማኬባ እናቷን ለመቅበር ልትሄድ ብላ ወደ አገሯ ቆንስላ ስትቀርብ ፓስፖርቷ ተሰርዞ አገኘችው። እናቷ ያለ እርሷ ተቀበረች።

ይህን ስናነብ ክፍላችን ዝም አለ። መርዶ በስልክ የተነገረበት፣ ድንኳን ሳይጥል በአንድ ጠባብ ሳሎን ለቅሶ የተቀመጠ ቤተሰብ ከመካከላችን ብዙ ነው። መግቢያ ያጣ ሰው ሐዘን ምን እንደሚመስል ለኛ ማስረዳት አያስፈልግም።

ማኬባ ዝም ብላ መኖር ትችል ነበር። አሜሪካ ወዳታለች፤ ገንዘብም ነበራት። እርሷ ግን በ1963 በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የአፓርታይድ ጉዳይ ኮሚቴ ፊት ቀርባ የአገሯን መንግሥት ከሰሰች፤ ዓለም የጦር መሣሪያ እንዳይሸጥለትም ጠየቀች። መንግሥቱ ዜግነቷን በመንጠቅ መለሰላት፤ ዘፈኖቿም በአገሯ ታገዱ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ሲመሠረት፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋባዥነት በተሰበሰቡት መሪዎች ፊት የዘፈነችው እርሷ ነበረች። የገዛ አገሯ በር ሲዘጋባት የኛ አገር በር ተከፍቶላት ነበር ስንል ደስ ይለናል።

በዘፈኖቿ አንድ ነገር አስተውለናል። በኮሳ ቋንቋ ምላስ ከላንቃ ሲላቀቅ የሚወጣ የጠቅታ ድምፅ አለ። የውጭ ሰዎች ሊሉት ስላልቻሉ አንዱን ዘፈኗን የጠቅታ ዘፈን ብለው ጠሩት። እርሷ ድምፁን አላለሰለሰችውም፤ ዘፈኑ የራሱ ስም እንዳለውና ድምፁም የቋንቋዋ ፊደል እንደሆነ በየመድረኩ አስረዳች። እኛም ጨ እና ጰ ስንል የሚስቁብን ጓደኞች አሉን። አንዳንዶቻችን በሰው ፊት አማርኛ መናገር እናፍራለን። እርሷ ግን የተሣቀበትን ድምፅ በዓለም መድረክ ላይ አደባባይ አወጣችው።

በ1966 ከቤላፎንቴ ጋር ባወጣችው አልበም የግራሚ ሽልማት አገኘች። በ1967 «ፓታ ፓታ» በአሜሪካ ገነነ። ከከባዶቹ ዘፈኖቿ ይልቅ ቁም ነገር የለውም የምትለው ይህ የጭፈራ ዘፈን ዝነኛ ማድረጉ ራሷንም ያስገርማት ነበር። በ1968 የጥቁሮች መብት ታጋይ የነበረውን ስቶክሊ ካርማይክልን ስታገባ ግን የአሜሪካ ኮንሰርቶቿ አንድ በአንድ ተሰረዙ። ስለዚህ ወደ ጊኒ ሄዳ ለዓመታት እዚያ ኖረች፤ የጊኒ ልዑክ ሆናም በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ተናገረች።

እዚህ ላይ በክፍላችን ክርክር ተነሣ። የጊኒው ፕሬዚዳንት ሴኩ ቱሬ ተቃዋሚዎቻቸውን የሚያስሩና የሚገድሉ መሪ ነበሩ። አዲስ አበባ ተቀምጠው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የመጀመሪያ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ዲያሎ ቴሊ እንኳ በ1977 በጊኒ እስር ቤት ሞተዋል። ማኬባ ግን ቱሬን ስታመሰግን እንጂ ስትወቅስ አልተሰማችም። ግማሾቻችን ያስጠጋን ሰው መክሰስ ከባድ ነው አልን። ግማሾቻችን ደግሞ የታሳሪ ልጅ እናት የሁሉም አገር እናት ናት አልን። አልተስማማንም። ሆኖም ሁለቱንም እውነት ጽፈን ማለፍ እንዳለብን ተስማማን፤ የሚወደድ ሰው ታሪክም ቢሆን ጎዶሎው ካልተነገረ ታሪክ አይሆንምና።

በ1985 አንድ ልጇ ቦንጊ በጊኒ ሞተችባት። በ1990 ማንዴላ ከእስር ሲፈቱ፣ በዚያው ዓመት በጁን ወር ማኬባ አገሯ ገባች። የሚጠብቃት ሕዝብ ነበር፤ የምትጠብቃት እናት ግን አልነበረችም።

በኖቬምበር 2008 በደቡብ ኢጣሊያ፣ ካስቴል ቮልቱርኖ በተባለች ከተማ ዘፈነች። ኮንሰርቱ ስለ ወንበዴ ቡድኖች በመጻፉ ግድያ የተዛተበትን ሮቤርቶ ሳቪያኖን ለመደገፍ የተዘጋጀ ነበር። ከሁለት ወር በፊት በዚያችው ከተማ ስድስት አፍሪካውያን ስደተኞች ተገድለው ነበር። ማኬባ «ፓታ ፓታ»ን ዘፍና እንደ ጨረሰች በልብ ድካም ወደቀች፤ በ76 ዓመቷም አረፈች። የመጨረሻ መድረኳ ስደተኞች በሞቱበት ከተማ መሆኑን ሳንረሳ ነው ይህን የምንጽፈው።

የሚቀጥለው ሠርግ ላይ «ማላይካ» ሲዘፈን ከጎናችን ላለው ሰው ዘፋኟ ማን እንደነበረች፣ ዝም ባለማለቷም ምን እንደከፈለች እንነግረዋለን። በአማርኛ እንነግረዋለን፤ ጨ ስንል ድምፃችንን ዝቅ ሳናደርግ።