ድምፅን በቁጥር ያሻገረው አሌክ ሪቭስ

ገበሬ በማሳው ላይ ማዳበሪያ ሲበትን ሰብሉ ብቻ ሳይኾን አረሙም አብሮ ይፋፋል። የቀደመው ዘመን የስልክ መስመርም ይህን የመሰለ ችግር ነበረበት። ድምፅ በሽቦ ላይ ረጅም ርቀት ሲጓዝ ይደክማል። በየመንገዱ የተተከሉ ማጉያዎች ድምፁን ሲያጎሉት በመስመሩ ላይ የተጠራቀመው ጫጫታም አብሮ ይጎላል። ርቀቱ በጨመረ ቁጥር የተናጋሪው ቃል በጫጫታ ይዋጣል።

ለዚህ ችግር ከሥሩ የሚነቅል መፍትሔ ያሰበው እንግሊዛዊው መሐንዲስ አሌክ ሪቭስ ነው። ሪቭስ እ.አ.አ በ1902 በደቡብ እንግሊዝ በምትገኘው ሬድሂል ከተማ ተወለደ። በለንደን ምሕንድስና ተምሮ በ1923 በቴሌኮሙኒኬሽን ሥራ ተሰማራ። አውሮፓን ከአሜሪካ ጋር በሬዲዮ ስልክ ለማገናኘት በተደረገው ጥረትም ተሳተፈ። በኋላም ወደ ፓሪስ ተዛውሮ በአንድ ትልቅ የስልክ ኩባንያ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሠራ።

በ1938 በፈረንሳይ የፈጠራ መብት የጠየቀበት ሐሳብ እነሆ። ድምፁን እንዳለ ከመላክ ይልቅ በየቅጽበቱ መለካት፣ ልኬቱንም በቁጥር ጽፎ መላክ ነው። ቁጥሩ የሚጻፈው “አለ” እና “የለም” በሚሉ ሁለት ምልክቶች ብቻ ነው። ከተራራ ማዶ የሚጮኽ ሰው ቃሉ በነፋስ ይበላሻል፤ እጁን ማንሳት አለማንሳቱ ግን ከሩቅ ይለያል። በመስመሩ ላይ ያለው ጣቢያም ምልክቱ መኖር አለመኖሩን ብቻ ለይቶ አዲስና ንጹሕ ምልክት ወደፊት ይልካል። ጫጫታው ከኋላ ይቀራል።

ሐሳቡ ቢደርስም መሣሪያው ገና አልደረሰም ነበር። በዘመኑ የነበሩት አምፖል መሰል የመስታወት ቱቦዎች ብዙ ቦታና ኃይል የሚፈጁ፣ ውድ ዕቃዎች ነበሩ። በ1940 የጀርመን ጦር ወደ ፓሪስ ሲገሰግስ ሪቭስ ወደ ሀገሩ ተመለሰ። በጦርነቱ ዓመታትም የብሪታኒያ አውሮፕላኖችን በሬዲዮ ምልክት የሚመራ ሥርዓት ካበለጸጉት አንዱ ኾነ። በዚያው ጦርነት ድምፅን ወደ ቁጥር ለውጦ በምስጢር የሚያስተላልፍ መሣሪያ በአሜሪካ ተሠርቶ ነበር፤ ክብደቱ ግን ከ50 ቶን በላይ ነበር።

መንገዱን የከፈተው በ1947 የተፈጠረው ትንሹ ትራንዚስተር ነው። የሪቭስ ሐሳብ በአሜሪካ በመደበኛ የስልክ መስመር ላይ የዋለው በ1962 ነው። ከፈጠራ መብት ማመልከቻው 24 ዓመታት ዘግይቶ መኾኑ ነው። በዚያ ሥርዓት 24 የስልክ ንግግሮች በአንድነት መጓዝ ቻሉ። በኋላ በጸናው ደንብ ድምፅ በሰከንድ 8 ሺህ ጊዜ ይለካል። እያንዳንዱ ልኬት በ8 ምልክቶች ይጻፋል፤ ይህም በሰከንድ 64 ሺህ ምልክት ነው።

ለሬዲዮ ባለሙያዎች ትልቁ ፍሬ የመጣው ግን ዲጂታል የስልክ መስመር እስከ ቢሮና እስከ ቤት ሲዘረጋ ነው። ተራው ዓይነት መስመር ባለ 64 ሺህ ሁለት መንገዶች ነበሩት። ጋዜጠኛው ማይክሮፎን፣ የድምፅ ማመጣጠኛ ሚክሰር፣ የጆሮ ማዳመጫ እና ድምፁን ወደ ቁጥር የሚለውጥ ኮዴክ የተባለ መሣሪያ ይዞ ይወጣ ነበር። በስቱዲዮው በኩልም ያንኑ የአጻጻፍ ደንብ የሚያውቅ ኮዴክ ያስፈልግ ነበር፤ ደንባቸው ከተለያየ አይግባቡም ነበር። ይህ ሲሟላ ድምፁ ከተራ ስልክ በእጅጉ የጠራ ኾኖ ይደርስ ነበር።

ሪቭስ ይህን አላየም። በስተርጅናው ድምፅን በብርሃን የማጓጓዝን ሐሳብ ይዞ ወጣት ተመራማሪዎችን አበረታታ። ከእነርሱ አንዱ የኾነው ቻርለስ ካኦ በመስታወት ክር ላይ ባደረገው ምርምር በ2009 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ሪቭስ ከሥራው ውጭ ያለውን ጊዜ ለወጣቶችና ለእስረኞች መታነጽ ያውል ነበር። በ1969 መንግሥት ሸለመው፤ ፈጠራውም በሀገሩ የፖስታ ቴምብር ላይ ታተመ። በጥቅምት 1971 ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ።

ዛሬ በእርሻ ማሳም ኾነ በከተማ ጎዳና በእጅ ስልክ የሚደረግ ንግግር ሁሉ ወደ ቁጥር ተለውጦ ይጓዛል። ዘር የዘራው ሰው አዝመራውን በሙሉ ባያይም ዘሩ በቅሏል።